ከመማሪያ ክፍል እስከ ቦረቦር አፋፍ

ጥር ሲገባ በክልላችን ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች አርሶ አደሩ አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ተፋሰስ ሥራ ይወጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ገመድ ዘርግቶ፣ በመሀሉ ትንሽ ውሃ ልክ አንጠልጥሎ የእርከኑን መስመር ይቀይሳል። በውሃ ልኳ ውስጥ ያለችው አረፋ መሀል ላይ መቆሟ ካልታየ የስንት ቀን የሕዝብ ጉልበት የፈሰሰበት እርከን በሐምሌ ጎርፍ ይናዳል፤ ጥፋቱም ከታች ላለው ጎረቤት ማሳ ይተርፋል።

ይህን ልኬት በሚገባ የሚያውቅ ሰው የሚፈራበት አንዱ ቦታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅም ሆነ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የወንዶ ገነት ደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ወጣቶች በዚህ ዘርፍ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሠለጥናሉ። ትምህርቱ በመደበኛው መርሐ ግብር አራት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶች የሚሰጡበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ወደ አፈር ሳይንስ፣ ውሃ፣ ደን፣ የካርታ ሥራና የአካባቢ ሕግ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል።

ልጁን ወይም ልጅቱን ለዚህ ትምህርት የላከ ወላጅ “ይህ ዲግሪ ለማሳችን ምን ይፈይዳል?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱን ከአፈሩ እንጀምር። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በአውሮፓውያኑ 1993 ባወጡት ግምት በሀገራችን ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በአርሶ አደር መለኪያ 420 ኩንታል ማለት ነው። ይህ አፈር በማሳው ላይ ቢዘረጋ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው በአንድ ክረምት ዓይን አያስተውለውም። በሠላሳ ዓመት ግን ወደ አሥር ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ማረሻ ከሚገባበት ጥልቀት ብዙ የማይተናነስ ነው። አባት ያረሰውን አፈር ልጅ አያገኘውም። ተማሪው በክፍል ውስጥ የሚማረው ይህንን በዓይን የማይታይ ኪሣራ መለካትን ነው።

ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ደግሞ ከደጃችን አለ። በ1970ዎቹ ከተቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች መካከል በደቡብ ወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በምዕራብ ጎጃም አንጀኒ ይገኛሉ። በእነዚህ ጣቢያዎች የዝናቡ መጠን፣ የወንዙ ፍሰትና ጎርፉ የተሸከመው አፈር ለዓመታት ተመዝግቧል። በአንጀኒ ፋኛ ጁ የተባለው እርከን በተፋሰሱ ከተሠራ በኋላ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ወደ ደረጃ መሬት ተለውጧል። በሌላ በኩል እርከን መሬት ይሻማል፣ በሬ ማዞሪያ ያሳጣል፣ አይጥ ይሰበስባል የሚለው የአርሶ አደሩ ቅሬታ መሠረት እንዳለው በጥናት ታይቷል። በእርከኑ ላይ የዝሆኔ ሳር ወይም ደሾ ሳር መትከል የሚመከረውም የተሻማው መሬት የከብት መኖ እንዲሰጥ ነው።

የአሲዳማ አፈር ጉዳይም እንዲሁ ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብ አካባቢዎች አሲዳማነቱ የበረታ ማሳ በውድ የተገዛውን ማዳበሪያ በሚገባ አይጠቀምበትም። አፈሩን አስመርምሮ ተገቢውን የኖራ መጠን መጨመር መፍትሔ ነው፤ መጠኑን ለማወቅ ግን ናሙና እንዴት እንደሚወሰድና ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሕጉም ባለሙያ ይፈልጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ አካባቢን ሊጎዱ የሚችሉ ፕሮጀክቶች አስቀድመው እንዲገመገሙ ያዝዛል። ከወንዝ ዳር ፋብሪካ ወይም የድንጋይ ካባ ሲከፈት የግምገማውን ሰነድ አንብቦ “ይህ ጎድሏል” የሚል ሰው በወረዳው ከሌለ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ተምሮ ይመጣል፤ በብዙ ቦታ ግን ውሎው ሪፖርት ማጠናቀር ይሆናል። ሪፖርቱም ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራና ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይናገራል። ከክረምቱ በኋላ ስንቱ እርከን እንደቆመና ስንቱ ችግኝ እንደጸደቀ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ለተግባር ልምምድ የሚላክ ተማሪም ፋይል ሲያስተካክል ውሎ ከተመለሰ እሱም አይማር፣ ወረዳውም አይጠቀም።

ይህን ለማስተካከል አዲስ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን በአንድ ተፋሰስ ላይ ቢመድባቸው፣ እነሱም አምና የተሠራውን እርከንና የተተከለውን ችግኝ ቆጥረው፣ የፈረሰው ለምን እንደፈረሰ ለቀበሌው ሕዝብ በስብሰባ ቢያስረዱ፣ ለቀጣዩ ጥር ዕቅድ መነሻ ይሆናል። አርሶ አደሩም የሚያስተምረው አለው። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛው ምንጭ በስንት ዓመቱ እንደነጠፈ፣ ልቅ ግጦሽ ከቆመ በኋላ የትኛው ሳር ቀድሞ እንደበቀለ የሚያውቀው እሱ ነው። ተማሪው ይህን ሳይጠይቅ የሚሠራው ካርታ ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ በመጪው ጥር ገመድ የሚዘረጋውን ወጣት ስታገኙ ጠይቁት፤ የአምናው እርከን የት ጋ እንደተናደ አሳዩትና ምክንያቱን እንዲነግራችሁ አድርጉ። ዲግሪው ለማሳው የሚፈይደው ነገር መኖሩ የሚታወቀው በዚህ መልስ ነው።