ወደ አባያ ሐይቅ በወንዝ የሚጓዘውን የተክል ምግብ እንዴት እንገምት?

በበልግ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ብላቴ ወንዝ ቀይ ጭቃ መስሎ ይወርዳል። አፈሩ ግን ብቻውን አይሄድም፤ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይዞ ነው የሚሄደው።

እንደሚታወቀው ከዳሞታ ተራራ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወደ ኦሞ ሲገባ፣ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያለው በብላቴና በሐመሳ አድርጎ አባያ ይደርሳል። ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ጊዳቦና ገላና ይገባሉ። ስለዚህ ወላይታ ስንት እንደሚልክ ለማወቅ እያንዳንዱን ወንዝ ለብቻው መለካት ያስፈልጋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የወንዙን ፍሰት (ሜትር ኩብ በሴኮንድ) በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ባለው ሚሊግራም ብናባዛ፣ በሴኮንድ የሚያልፈውን ግራም እናገኛለን። ስህተቱ የሚመጣው ከስሌቱ ሳይሆን ናሙናው ከሚወሰድበት ቀን ነው። ሠራተኛው መንገዱ ሲደርቅ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ፎስፈረስ ግን በቀዩና አሲዳማው አፈራችን ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ በአብዛኛው የሚጓዘው በጎርፍ ጊዜ ነው። ናይትሬት በበኩሉ በውኃ ስለሚሟሟ ጥርት ባለ ውኃም ይሄዳል።

ለማስረጃ ያህል ብቻ ቁጥር እንውሰድ። በበጋ ፍሰቱ 5 ሜትር ኩብ፣ ፎስፈረሱ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን በቀን 43.2 ኪሎ ግራም ያልፋል። በጎርፍ ጊዜ ፍሰቱ 100፣ ፎስፈረሱ 2 ቢደርስ በ6 ሰዓት ውስጥ 4,320 ኪሎ ግራም ይሄዳል። የ6 ሰዓት ጎርፍ የ100 ቀን በጋን ሥራ ሠራ ማለት ነው! በኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ሲመነዘር ወደ 260 ኩንታል በሚጠጋ ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ያህላል። እርግጥ ሁሉም ከከረጢት የወጣ አይደለም፤ አብዛኛው አፈሩ ራሱ የያዘው ነው። ቢሆንም ማዳበሪያውን በብድር ለገዛ የማኅበር አባል ኪሳራው ያው ኪሳራ ነው።

እንግዲህ የልማት ሠራተኛው ጎርፍ ሲመጣ፣ ውኃው እየሞላ ሳለ፣ በከፍተኛው ደረጃ ላይና ሲጎድል ናሙና ይውሰድ። ወንዙ ውስጥ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ከድልድይ ላይ ባልዲ በገመድ ማውረድ ይበቃል። ጠርሙሱ በወንዙ ውኃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ ውኃው አይጠለል፤ ከነደለሉ ይሞላ። ሰዓቱና የውኃው ከፍታ ይጻፍበት፤ ከፀሐይ ተከልሎ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ፍሰቱን ለመገመት ቀጥ ባለ ስፍራ 20 ሜትር ለክቶ የእንጨት ቁራጭ መጣልና ሴኮንዱን መቁጠር ነው። የላዩ ውኃ ከሥሩ ስለሚፈጥን የተገኘው ፍጥነት በ0.85 ይባዛ፤ ከዚያም በወንዙ ወርድና አማካይ ጥልቀት።

አባያ ቀይ ሆኖ ሳለ ለምን በአልጌ እንደማይሸፈን የሚጠይቁን አሉ። ደለሉ ብርሃን ስለሚከለክል ነው። ፎስፈረሱ ግን አልጠፋም፤ ከደለሉ ጋር ሐይቁ ሥር ይከማቻል። በቅድሚያ መያዝ ያለበትም ከማሳው ጠርዝ ነው፦ በእርከን ላይ ደሾ ሣር መትከል፣ ቦዩን በክትር መግታት፣ ማዳበሪያውንም ከባድ ዝናብ ባንዣበበበት ዕለት ሳይበትኑ በመስመር ከዘር ጋር አፈር ማልበስ። ናሙና የሚወስደው ሠራተኛ በዚያው ቀን ከወንዙ በላይ ያሉትን ማሳዎች ዞሮ ቢያይና እርከኑ የተናደበትን ቦታ ከጠርሙሱ ቁጥር ጎን ቢመዘግብ፣ ለመጪው የበልግ ሥራ ማኅበሩ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።