አንድ ፊልም በሁለት መልክ

ዜና የተፈጸመው ነገር ራሱ አይደለም፤ ስለ ተፈጸመው ነገር የቀረበ ወሬ ነው። በድርጊቱና በሰሚው መካከል የሚመርጥ፣ የሚቈርጥና የሚቀጥል ሰው አለ። ስለዚህ ዜናን በሚገባ ለመረዳት የዚያን ሰው ምርጫ መመርመር ያስፈልጋል። ይህን አሳብ ከወሎ ታሪክ በተወሰደ ምሳሌ እንመልከት።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ብርቱ ረኃብ ገባ። ገበሬው ቀዬውን እየለቀቀ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደሚያልፈው አውራ ጎዳና ወጣ። መንግሥት ግን ጉዳዩን ሸሽጎት ስለ ነበር ሰው እያለቀ ዜናው አይነገርም ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ያልተነገረ ሁሉ ያልተፈጸመ አለመሆኑን ነው።

በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረኃብ» የተሰኘ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ፊልሙን ያየው ሕዝብ ለተራቡት ገንዘብ አዋጣ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ነገር ግን ደርግ በረኃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣንና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል አስገብቶበት ነበር። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ልብ በሉ፤ ረኃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖራቸው ግን የአቀናባሪው እጅ ነው። የመጀመሪያው ቅንብር ተመልካቹን «እርዳ» አለው፤ ሁለተኛው «ፍረድ» አለው።

ይህ ያለፈ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ አንዱ ወገን ደሴን ይዣለሁ ሲል ሌላው አልተያዘችም አለ። እንዲህ ባለ ሰዓት ልጆቹን ይዞ ይሽሽ ወይስ ይቆይ ብሎ ለሚጨነቅ አባወራ፣ ዜናን ማመዛዘን የሕይወት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ማንኛውም ዜና ሲደርሰን አራት ጥያቄዎች እናንሣ፦ ተናጋሪው ማን ነው? በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቷል? ምን ተጨመረ፣ ምንስ ተተወ? እንድናደርግለት የሚፈልገው ምንድን ነው? መልሱን ሳያገኙ ወሬን ለሌላ ማቀበል የስሕተቱ ተካፋይ መሆን ነው።

መልመጃ፦ በዚህ ሳምንት የሰማችሁትን አንድ ዜና መርጣችሁ በአራቱ ጥያቄዎች መርምሩት፤ የደረሳችሁበትንም በሁለት አንቀጽ ጻፉ።