ለቆላው ሠርግ የትኛው ፎቶ ይሻላል? የአብደራፊ ሙሽሮች ቀብድ ከመቁጠራቸው በፊት

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሠርጉ ወቅት የሰሊጡን ገበያ ተከትሎ ይመጣል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የታጨደው ሰሊጥ ተራግፎ፣ ተሽጦና ዕዳው ተከፍሎ ቤት የተረፈው ገንዘብ ሲታወቅ፣ ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ድግሱ ይደራረባል። በአብደራፊም ሆነ በመተማ ልጁን የሚድር ባለሀብት በሬውን የሚገዛው አይቶ፣ ዳሱን የሚከራየው ለክቶ፣ መጠጡንም የሚያዝዘው ቆጥሮ ነው። የፎቶውና የቪዲዮው ተራ ሲደርስ ግን «የእገሌ ሠርግ ላይ የተነሣውን ዓይነት» ማለት ይበቃል ተብሎ ቀብድ ሲቆጠር ይታያል።

እዚህ ላይ ነው ገበያው የሚበላሸው። የእገሌ ሠርግ ምናልባት ጎንደር ላይ በፋሲል ግንብ አጥር ግቢ፣ አለዚያም አዲስ አበባ ላይ በብሔረ ጽጌ መናፈሻ የተነሣ ነው። እዚያ የግንቡና የዛፉ ጥላ ብርሃኑን ያለዝበዋል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው የደጋ አየርም ሙሽሪትን ቬሎ እንደ ለበሰች ሰዓታት ያቆማታል። አብደራፊ ግን ሜዳማ ቆላ ናት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ በዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ የቬሎውን ጥልፍ ያጠፋል፣ የፊት ቅባቱንም በላብ ያወርዳል። ስለዚህ የፎቶው ዓይነት መመረጥ ያለበት ከሰው አልበም ሳይሆን ከራስ ሠርግ ቦታ፣ ሰዓትና ከሙሽሮቹ ጠባይ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በገበያው ላይ ያሉት ዓይነቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው አቁሞ ማንሣት ነው። ይህ ልማድ የስቱዲዮ ልጅ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእሱ በኋላ ልጆቹ ቤተ መንግሥቱን ያነሡ በነበረበት ዘመን ተነሺው ሳይንቀሳቀስ መቆም ነበረበት። ኋላም ቢሆን አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ይይዝ ስለነበር እያንዳንዱ ፎቶ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ፊልሙ ቢቀርም ይህ ዓይነት ዋጋውን አላጣም። ቤተ ዘመድ በዛ ባለበትና ሽማግሌዎች፣ አባትና እናት፣ ሚዜዎችም በየማዕረጋቸው መታየት ባለባቸው ሠርግ የሚፈለገው ይኸው ነው። ጭምትና ዓይነ አፋር ሙሽሮችንም ያግዛል፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው አለና። በአብደራፊ የሚሠራው ግን ፀሐይ ሲበርድ፣ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ጀምበር መጥለቂያ ባለው ጊዜ ነው። ፕሮግራሙን ያን ያህል ማስተካከል የማይችል ቤተሰብ ቢያንስ ጥላ ያለው የቤት ግድግዳ ያዘጋጅ።

ሁለተኛው የዘገባ ዓይነት ነው። ፎቶ አንሺው «ቁሙ፣ ሳቁ» ሳይል የሆነውን እየተከተለ ያነሣል፦ ጫማ የሚያስር ሚዜ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሯሯጡ እናቶች፣ ጭፈራው፣ የእናት ዕንባ። ለጨዋታ ወዳድ ሙሽሮችና ለጠባብ ፕሮግራም የሚስማማ ነው። በርካሽ የሚገኝ የሚመስላቸው ግን ይሳሳታሉ። ካሜራው ዲጂታል ከሆነ ወዲህ ወጪው ከፊልም ወደ ሰው ጉልበት ዞሯል፤ ከሺህ በላይ ፎቶ ለቅሞና ቀለሙን አርሞ ማስረከብ የቀናት ሥራ ነው። ሌላም ችግር አለ። በሰማያዊ ወይም በብርቱካን ሸራ የተሠራ ዳስ በሰው ፊት ላይ የራሱን ቀለም ያሳርፋል። ነጭ ሸራ መከራየት ከማንኛውም ማረሚያ ይረክሳል፤ ካልተገኘም የዳሱን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው ፊልም መሰሉ ነው። ሙሽሮቹ ከሠርጉ ቀን በፊት ወይም በማግሥቱ ወጥተው እንደ ተዋናይ ይቀረጻሉ፣ ሙዚቃ ይገባበታል፣ ከሰማይም በድሮን ይነሣል። ካሜራ ፊት ለማይጨነቁ፣ ትርፍ ቀንና ትርፍ ገንዘብ ላላቸው ጥንዶች ያምራል። ዳሩ ግን ድሮን ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። አካባቢው ጠረፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአልፋሽቃ መሬት ላይ ፍጥጫ ተነሥቷል፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈንድቷል፣ በዚያው ዓመት ክረምትም በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሷል። እንዲህ ባለ ሰማይ ላይ ያለ ፈቃድ የሚበር ድሮን ለሙሽራውም ለታዳሚውም አደጋ ነው። «በድሮን እናነሣለን» የሚል ሰው ፈቃዱን ሳያሳይ ገንዘብ ሊቀበል አይገባም።

ከሦስቱ ከማንኛቸውም በፊት የሚመጣ ግን ሥርዓቱ ነው። በተክሊል የሚጋቡ ሙሽሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ፍላሽና ስለ መቆሚያ ቦታ ካህናቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ኒካህ በሚታሰርበትና ወንድና ሴት ለየብቻ በሚቀመጡበት ሠርግም ሴት ፎቶ አንሺ መፈለግ ግድ ይሆናል። ሴት ባለሙያ ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር የምትመጣ ከሆነ መጓጓዣዋና ማደሪያዋ በሒሳቡ ይግባ።

አሁን ወደ ግዢው እንመለስ። ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ ዋጋ አይቆርጥም፤ ከመሐሉና ከሥሩም ናሙና ያወጣል። ፎቶ አንሺ በስልኩ የሚያሳያቸው አሥር ምርጥ ፎቶዎች የጆንያው አፍ ናቸው። አንድ ሙሉ ሠርግ፣ ከጠዋቱ እስከ ማታው ጭፈራ ድረስ ያሳይ ዘንድ ይጠየቅ። በተለይ የእኩለ ቀኑንና በጄኔሬተር መብራት የተነሡትን ማየት ይጠቅማል። እነዚያ ደኅና ከሆኑ ሌላው አያሳስብም።

ቀጥሎ ውሉ ነው። የፎቶው ዓይነት፣ የሥራው ሰዓት፣ የባለሙያው ብዛት፣ የአልበሙ ገጽ፣ የማስረከቢያው ቀንና መንገድ ቢዘጋ የሚሆነው በጽሑፍ ይስፈር። በጥር ቅዳሜና እሑድ ጥቂት፣ ሠርጉ ብዙ በመሆኑ የተሻለ ዋጋ ሲመጣ ውል ማፍረስ ሊያጋጥም ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ለዚህ መልስ አለው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ተለይቶ ይጻፍ። አንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። የሙሽሮቹን ፎቶ ለማስታወቂያ እንዲያውል መፍቀድና አለመፍቀድም በውሉ ይነገር፤ የሚፈቅዱ ከሆነ ቅናሽ መጠየቅ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ መነጋገር የሚሻለው ሰሊጡ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ በመስከረም ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው ቀኑ ክፍት ነው፣ ቤተሰቡም ፀሐይ የሚበርድበትን ሰዓት ይዞ ፕሮግራሙን ለመቁረጥ ጊዜ አለው። ሰሊጡ ከዓመት ዓመት ይዘራል፣ ዘንድሮ ያልቀናው ለከርሞ ሊቀናው ይችላል። የተበላሸን የሠርግ ፎቶ ለማስነሣት ግን ያንኑ እንግዳ ደግሞ የሚጠራ የለም።