የቀድሞውንና የዛሬውን የጨዋታ መሣሪያ ከቤት ሲኒማ ጋር ስለማገናኘት

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ የአንድን አሠራር ምክንያትና ቅደም ተከተል የሚያስረዳ ገላጭ ድርሰት ነው። በጥሞና አንብባችሁ ከምንባቡ ግርጌ ያለውን መልመጃ ሥሩ።

አንድ የቆየ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ምስል ሳይታይ ሲቀር፣ ብዙ ሰዎች «ተበላሽቷል» ብለው ይፈርዱበታል። ይህ ፍርድ ብዙውን ጊዜ የችኮላ ፍርድ ነው። መሣሪያው የሚልከውን ምልክት ቴሌቪዥኑ ለመቀበል ባለመቻሉ ብቻ ደኅና ዕቃ ይጣላል፤ አለዚያም ያለጥንቃቄ ከኮረንቲ ጋር ተገናኝቶ በእርግጥም ይቃጠላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ገመድ ከመሰካት በፊት በገመዱ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ከማናቸውም የጨዋታ መሣሪያ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ፤ እነርሱም ምስልና ድምፅ ናቸው። ሁለቱም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተለውጠው በገመድ ይጓዛሉ። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አናሎግ ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ መጠን የምስሉን ብርሃንና የድምፁን ንዝረት እየተከተለ ያለማቋረጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ዲጂታል ይባላል፤ በዚህኛው ምስሉም ሆነ ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ ይላካል። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የሚናገሩት በአናሎግ፣ የዛሬዎቹ ቴሌቪዥኖች በይበልጥ የሚሰሙት በዲጂታል ነው። የችግሩም ሥር ይኸው ነው።

የገመዶቹ ዓይነት ከዘመኑ ጋር ሲለዋወጥ ኖሯል። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ያወጣው ፋሚኮም፣ ምስሉንና ድምፁን አጣምሮ እንደ ጣቢያ ሥርጭት በቴሌቪዥኑ የአንቴና መግቢያ በኩል ያስተላልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለሦስት ቀለም ገመድ ተስፋፋ፤ ቢጫው ምስልን፣ ነጩ የግራውን ድምፅ፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ይይዛል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ምስሉን በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቀይ ገመዶች ከፍሎ የሚልከው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በሁለቱም መንገዶች መሥራት ይችላል። ኤችዲኤምአይ የተባለው የዲጂታል ገመድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣ በኋላ ግን ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ መጓዝ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 በዚሁ ገመድ ይጠቀማል።

በቤት ሲኒማ ውስጥ የድምፁ ማዕከል አምፕሊፋየሩ ነው። አዲሱን የጨዋታ መሣሪያ ለማገናኘት በመጀመሪያ ሁሉም መሣሪያዎች ከኮረንቲ ይነቀላሉ። ቀጥሎ የጨዋታው መሣሪያ ገመድ በአምፕሊፋየሩ «ኢን» በሚለው መግቢያ ይሰካል። በመጨረሻም «አውት» ከሚለው መውጫ ሌላ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዘረጋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በሰከንድ እስከ 120 ምስል ሊልክ ስለሚችል፣ የቆየ አምፕሊፋየር ይህን ማሳለፍ ይሳነዋል። በዚህ ጊዜ መሣሪያውን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ፣ ድምፁን ብቻ «ኤአርሲ» በሚለው መሰኪያ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ መመለስ ይቻላል። ለዚህም ምልክቱ በሁለቱም ዕቃዎች ላይ መኖር አለበት።

የቆየው መሣሪያ ግን አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ቴሌቪዥኑ የቀለማቱ መሰኪያዎች ከሌሉት፣ አናሎጉን ወደ ዲጂታል የሚለውጥ መቀየሪያ በመካከል ይገባል። በአንድ ጫፉ ባለሦስት ቀለም፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ተራ ገመድ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ምክንያቱም ገመድ ያስተላልፋል እንጂ አይተረጉምም። መቀየሪያውና ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሲያዘጋጁ ጥቂት ጊዜ ያልፋል። በመሆኑም ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ በምስሉ ላይ ያለው ሰው ዘግይቶ ሊዘል ይችላል። ድምፁ በነጭና በቀይ ገመድ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ከሄደም ከምስሉ ሊቀድም ይችላል። መዘግየቱን ለመቀነስ የቴሌቪዥኑን የጨዋታ ሞድ መክፈት ይጠቅማል። ሆኖም ትርጉም የማያድነው ነገርም አለ። በ1980ዎቹ የኒንቴንዶ መሣሪያ የተሠራው የጨዋታ ሽጉጥ የአሮጌውን ባለመስታወት ቱቦ ቴሌቪዥን ብርሃን እንዲለይ ስለተሠራ፣ በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ ዒላማውን አያገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ኮረንቲውን ማጤን ይገባል። የኢትዮጵያ የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን፣ የጃፓኑ 100፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ከውጭ በመጣ አሮጌ መሣሪያ አዳፕተር ላይ «100–240» የሚል ከተጻፈ ሥጋት የለም። 100 ወይም 120 ብቻ ከተጻፈ ግን ኮረንቲውን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ሳይኖር መሰካት ዕቃውን ያቃጥላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

እንግዲህ አንድ መሣሪያ አልሠራ ሲላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቁ። ኮረንቲው ይስማማዋልን? የሚልከው ምልክት ምን ዓይነት ነው? ተቀባዩስ ያንን ምልክት ይቀበላልን? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው ደኅናውን ዕቃ ከመጣል ይድናል።

መልመጃ

1. «ገመድ ያስተላልፋል እንጂ አይተረጉምም» የሚለውን ሐሳብ በራሳችሁ ቃላት አብራሩ።
2. ድምፁ ከምስሉ ሊቀድም የሚችለው ለምንድን ነው?
3. በምንባቡ አራተኛ አንቀጽ ውስጥ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱ ቃላትንና ሐረጎችን አውጥታችሁ ጻፉ።
4. በቤታችሁ ያለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ እንዴት እንደሚገናኝ በሦስት አንቀጾች ጽፋችሁ አስረዱ።