የባሌ ስንዴና መካሪዎቹ

የባሌ ደጋ ስንዴ መካሪ አጥቶ አያውቅም። የተለዋወጠው መካሪው ማን እንደሆነና የሚመክረው ማንን እንደሆነ ነው።

በ1960ዎቹ በጎረቤት አርሲ ስዊድኖች የደገፉት ካዱ የተባለ የግብርና ልማት ፕሮጀክት የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያዳርስ ነበር። በደርግ ዘመን ምክሩ በአብዛኛው ወደ መንግሥት እርሻዎች ዞረ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ትልቁ ነገር በ1978 ዓ.ም. ከሮቤ አጠገብ የተቋቋመው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ይመስለኛል።

በ2003 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ሲቋቋም የማማከር ሙያ በሙሉ ትጥቁ ወደ ግብርናው ገባ። የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ኻሊድ ቦምባ ከጄፒ ሞርጋን ባንክና ከጌትስ ፋውንዴሽን የመጡ ሰው ናቸው። ኤጀንሲው ማነቆ ፈልጎ መፍትሔ የሚነድፍ እንጂ የግብርና ሚኒስቴርን ሥራ የሚተካ አልነበረም። የአገሪቱ አፈር ለምነት ካርታ ተሠራ፤ በ2006 ዓ.ም. ገበሬው በኦሮምኛም በአማርኛም ምክር የሚሰማበት 8028 የስልክ መስመር ተከፈተ። ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዘር ባንድ ጊዜ የሚዘሩበት ክላስተርም ተስፋፋ። ለባሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኮምባይነር ለተበጣጠሰ ማሳ አይመችምና።

የስንዴ በሽታው ዋግ ግን የራሱ ዕቅድ አለው። ያው ኤጀንሲ በተቋቋመበት ዓመት ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ መታው። ብዙ ገበሬዎች ዲገሉ ወደተባለው ዝርያ ዞሩ። በ2006 ዓ.ም. መኸር ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዲገሉን ባሌና አርሲ ላይ ጣለው። የታመመውን አገዳ በጣት ሲያሹት ዝገት የመሰለ ዱቄት ይቀራል፤ ፍሬው ይኮሰምናል።

ባሌ በዓመት ሁለቴ ያመርታል። «ገና» በሚባለው የበልግ ወቅት የተዘራው ስንዴ ላይ ያደረ ዋግ «ቦና» ወደሚባለው የመኸር ሰብል ይሻገራል። አንድ ዝርያ በተያያዘ ማሳ ሙሉ ሲዘራ፣ ለኮምባይነሩ የተመቸው ለዋጉም ይመቻል። ስለዚህ ባሌን የሚመክር ባለሙያ በክላስተሩ ውስጥ ዝርያ ማፈራረቅን አብሮ ካላቀደ ምክሩ ጎዶሎ ነው እላለሁ። ለዚህ ደግሞ ከሲናና የሚወጣው አዲስ ዘር አሮጌው በዋግ ከመሸነፉ በፊት ተባዝቶ ገበሬው እጅ መግባት አለበት።