የይገባኛል ጥያቄ፣ ማስረጃና መልስ በክርክር ውስጥ

ማንኛውንም ክርክር በትክክል ለመመዘን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ እነርሱም የይገባኛል ጥያቄው፣ ማስረጃውና የተቃራኒው ወገን መልስ ናቸው።

አንድ ሠራተኛ «የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም» ቢል፣ ይህ የይገባኛል ጥያቄ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃዎቹ የሥራ ውሉና የባንክ ሒሳብ መግለጫው ናቸው። «አሠሪዬ ክፉ ነው» ማለት ምሬትን ይገልጻል እንጂ ያልተከፈለን ገንዘብ አያረጋግጥም።

የአሠሪው መልስም ይመረመራል። «ይህ ሰው እኔ ዘንድ ሠርቶ አያውቅም» ካለ፣ መካዱ ስለሆነ የሥራውን መኖር ማስረዳት የሠራተኛው ድርሻ ነው። «በጥሬ ገንዘብ ከፍዬዋለሁ» ካለ ግን አዲስ ነገር አንሥቷልና፣ መክፈሉን በደረሰኝ ወይም በምስክር ማስረዳት የእርሱ ፋንታ ይሆናል።

ይህ መርሕ በአካባቢው የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው የኦቶማን የፍትሐ ብሔር ሕግ «መጀለ» በአንቀጽ 76 ማስረጃን ከጠያቂው፣ መሐላን ከካጁ ይፈልጋል።

የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረችው የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት በግል ድርጅቶች የሚከፈለው ደመወዝ በባንክና በተፈቀዱ የገንዘብ ተቋማት በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል። በዚህም የተከፈለውም ሆነ የቀረው በመዝገብ ይታያል።

ስለዚህ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው እያንዳንዱን ጥያቄ ከማስረጃው ጋር ማዛመድ፣ ሊመጣ የሚችለውንም መልስ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።