ከጥገና በፊት ቅጂ፦ በመበላሸት ላይ ካለ ሃርድ ዲስክ የጥናት ፋይሎችን ስለማዳን

ባለፈው ዓመት የመስክ ቃለ መጠይቆቼን የያዘው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር። ኮምፒዩተሩ ዲስኩን መርምሮ እንዲያስተካክል ፈቃዴን ጠየቀኝ፤ እኔም ፈቀድሁ። ፍተሻው ሌሊቱን ሲካሄድ አድሮ ጠዋት ላይ ዲስኩ ጨርሶ አልታይ አለ። ከ34ቱ የድምፅ ፋይሎች የተረፉት ቀደም ሲል ለአማካሪዬ የላክኋቸው 6 ብቻ ነበሩ። ዲስክ ማርጀቱ አይቀርም፤ እኔ የተሳሳትሁት በእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ ያብራራል።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚቀመጠው በማግኔታዊ ቅብ በተሸፈኑ ክብ ሳህኖች ላይ ነው። ሳህኖቹ በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ አንባቢው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። መረጃው የሚነበበው ሴክተር በሚባሉ፣ 512 ወይም 4096 ባይት በሚይዙ ክፍልፋዮች ነው። አንድ ሴክተር አልነበብ ሲል ዲስኩ ወዲያው ስህተት አያሳውቅም፤ ደጋግሞ ይሞክራል። ኮምፒዩተሩ ደርቆ የቀረ የሚመስለንም በዚህ ጊዜ ነው። ጭንቅላቱ ሳህኑን ነክቶ ከሆነ እያንዳንዱ ሙከራ የተፋቀውን ቦታ ሊያሰፋው ይችላል። እንግዲህ የታመመ ዲስክ የቀረው የንባብ ዕድሜ ውስን ነው ብሎ መነሳት ይገባል፤ ጥያቄው ይህ ዕድሜ በምን ላይ ይዋል የሚለው ነው።

በዊንዶውስ የሚገኘው ቼክዲስክና መሰሎቹ የተሠሩት የፋይል ሥርዓቱ መዛግብት እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ለማድረግ እንጂ የተጠቃሚውን ሰነድ ለማዳን አይደለም። የማይስማማ መዝገብ ሲያገኙ ሊሰርዙት ወይም ሊያሳጥሩት ይችላሉ፤ ለውጡንም የሚጽፉት እዚያው በታመመው ዲስክ ላይ ነው። መብራት በድንገት ጠፍቶ መዛግብቱ በተዛቡበት ጤነኛ ዲስክ ላይ ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው፤ አካሉ በተጎዳ ዲስክ ላይ ግን ሊድን የሚችለውንም ያጠፋሉ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እዚህ የፈሰሰው አይለቀምም። ዲስኩ ፎርማት ይደረግ ወይ ለሚለው ጥያቄም መልሱ እምቢታ ነው።

በእርግጥ ጥፋቱ የዲስኩ ላይሆን ይችላል። ገመዱንና የዩኤስቢ ማስገቢያውን ለውጦ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ዲስኩ ራሱን የሚከታተልበትን፣ ስማርት የተባለውን መዝገብ ማየት ነው፦ በተራ ቁጥር 5 በሌላ የተተኩ፣ በ197 አልነበብ ብለው ውሳኔ የሚጠባበቁ፣ በ198 ሊታረሙ ያልቻሉ ሴክተሮች ይቆጠራሉ። በ199 ላይ የሚያድግ ቁጥር በአብዛኛው የሚያመለክተው ገመዱን ነው። የጎግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው ባወጡት ጽሑፍ፣ በፍተሻ የመጀመሪያ ስህተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት በ39 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በዚያው ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋና ዋና ጠቋሚዎች ላይ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ስለዚህ መጥፎ ቁጥር መታመን አለበት፤ ንጹሕ መዝገብ ግን የጤንነት ማስረጃ አይሆንም።

ዲስኩ መታመሙ ከታወቀ ቀጣዩ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ዲስክ ሴክተር በሴክተር ወደ ሌላ፣ እኩል ወይም የበለጠ መጠን ወዳለው ዲስክ መገልበጥ። ፋይሎችን እየመረጡ መጎተት የሚመች ቢመስልም መጀመሪያ ባጋጠመው መጥፎ ቦታ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጂኤንዩ ዲዲረስኪው የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በተቃራኒው መንገድ ይሠራል፦ በመጀመሪያ ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሰብስቦ አስቸጋሪውን ይዘለዋል፤ ወደተዘለለው የሚመለሰው አብዛኛው ከዳነ በኋላ ነው። የደረሰበትንም ካርታ በሚባል ፋይል ይመዘግባል፤ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስቶ የሚሠራ ሰው ካርታውን በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ ካስቀመጠው ካርታውም ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ምንጩንና መድረሻውን ማገላበጥ ነው፤ ባዶው ዲስክ በጥናቱ ላይ ይጻፍበታል። ከመጀመር በፊት የሁለቱንም መጠንና መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ማመሳከር ይበጃል።

ከዚህ በኋላ የታመመው ዲስክ ይነቀላል፤ የመመለስ ሥራው በቅጂው ላይ ይከናወናል። ቴስትዲስክ የጠፋ የዲስክ ክፍልፍልን ይፈልጋል። ፎቶሬክ የፋይል ሥርዓቱን ትቶ የፋይሎቹን ዓይነት ከመነሻ ምልክታቸው ይለያል፤ በዚህ ምክንያት ስማቸውና ፎልደራቸው አይመለስም፣ ተበታትኖ የተቀመጠ ፋይልም ሙሉ ላይሆን ይችላል። ስም የሌላቸው በርካታ የድምፅ ፋይሎችን አንድ በአንድ ማዳመጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ አሁን እያንዳንዱን ቃለ መጠይቅ የምጀምረው ቀኑንና የተጠያቂውን መለያ ኮድ በድምፅ በመናገር ነው።

ዲስኩ ተመሳሳይ የመንኳኳት ድምፅ ደጋግሞ የሚያሰማ ከሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ አይሠራም። ወዲያው ማጥፋት ነው። ጭንቅላት የሚቀየረው አቧራ በተጣራበት ክፍል ውስጥ፣ ከተመሳሳይ ሞዴል በተወሰደ መለዋወጫ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሮ መሞከር በሳህኑ ላይ ጤዛ ያመጣል። በዚህ ደረጃ የቴክኒክ ያልሆነ ችግርም ይነሳል። ተጠያቂዎቻችን ፈቃደኝነታቸውን የገለጹት ቃላቸውን ተመራማሪው ብቻ እንደሚሰማው ተነግሯቸው ከሆነ፣ ዲስኩ ለጥገና ቤት ሲሰጥ ያ ቃል ይፈርሳል። የዳነው ፋይል ተከፍቶ እንዳይታይና በባለሙያው ዘንድ የሚቀረው ቅጂ እንዲጠፋ በጽሑፍ ሳይስማሙ ዲስኩን ማስረከብ አይገባም፤ ጉዳዩንም አስቀድሞ ለአማካሪ ማሳወቅ ያስፈልጋል።